ለፈረንሳይ ተጓዥ ተማሪ፦ መጀመሪያ አድራሻ፣ ከዚያ ሌላው

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

በዚህ ክረምት ከደሴና ከኮምቦልቻ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ጥቂት የማይባሉት ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ፈረንሳይ የሚሄዱ ልጆች የመጀመሪያ ሳምንታታቸውን እንዴት ማለፍ እንዳለባቸው የሚጠይቁ ናቸው። ተመሳሳዮቹን አጣምረን አራቱን በዚህ ዕትም እንመልሳለን።

ጥያቄ

በኮምቦልቻ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በጨርቃ ጨርቅ ምሕንድስና ተመርቄ፣ በሰሜን ፈረንሳይ ሊል አጠገብ በምትገኘው በሩቤ ከተማ ለማስተርስ ትምህርት ተቀባይነት አግኝቻለሁ። ቪዛዬ ወጥቷል፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እሳፈራለሁ። ፈረንሳይኛዬ በስልክ የተማርኩት ነው። ቀድመው የሄዱ ልጆችን ስጠይቅ አንዱ ቶሎ ባንክ ክፈቺ፣ ሌላው መጀመሪያ ቤት ፈልጊ፣ ሦስተኛው ደግሞ ቪዛሽን ሳታስመዘግቢ እንዳትቀመጪ ይለኛል። ከየቱ ልጀምር?
ተማሪዋ፣ ከኮምቦልቻ

መልስ

ውድ እኅታችን፣ የመከሩሽ ሁሉ ትክክል ናቸው፤ ያልነገሩሽ ቅደም ተከተሉን ነው። በፈረንሳይ አንዱ ቢሮ የሌላውን ቢሮ ወረቀት ሳያይ የራሱን አይሰጥም። አከራይ የፈረንሳይ ባንክ ሒሳብ እንዲኖርሽ ይፈልጋል፤ ባንኩ ደግሞ የት እንደምትኖሪ የሚያስረዳ ማስረጃ ካላየ ሒሳብ አይከፍትም፤ የጤና መድኑም ሆነ የቤት ኪራይ ድጎማው ከሁለቱ በኋላ የሚመጡ ናቸው። ይህን ቋጠሮ የሚፈታው አድራሻ ስለሆነ፣ ሌላው ሁሉ ቢቀር በስምሽ የመኖሪያ ማረጋገጫ ሊጽፍልሽ የሚችል ማረፊያ ሳትይዢ መሳፈር የለብሽም።

ኪራዩም ማረጋገጫውም የሚቀለው ክሩስ በሚባለው የመንግሥት የተማሪዎች አገልግሎት ሥር ባሉት መኖሪያዎች ነው። ክፍሎቹ ጠባብ ናቸው፤ ብዙዎቹ ዘጠኝ ካሬ ሜትር ያህል ቢሆኑ ነው፤ ነገር ግን ቁልፍ የሚሰጥሽ ጽሕፈት ቤት የመኖሪያ ማረጋገጫውንም ይሰጥሻል። እዚያ ቦታ ካላገኘሽ፣ ለተቀበለሽ ትምህርት ቤት የውጭ ተማሪዎች ክፍል ዛሬውኑ ጻፊ፤ ነሐሴ ፈረንሳይ ውስጥ የዕረፍት ወር በመሆኑ መልስ ሊዘገይ ይችላልና ደግመሽ ለመጻፍ አትፈሪ። ዘመድ ወይም የአገር ልጅ ዘንድ የምታርፊ ከሆነም መንገድ አለው። ያስጠጋሽ ሰው «እኔ ዘንድ ትኖራለች» ብሎ የፈረመበትን ደብዳቤ፣ የመታወቂያውን ቅጂና በራሱ ስም የመጣ የቅርብ ጊዜ የመብራት ክፍያ ሰነድ ይሰጥሻል። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ባንኩ ይመልስሻል።

የግል ቤት የምትፈልጊ ከሆነ አንድ ነገር አጥብቀን እንነግርሻለን። ፎቶ አሳይቶ፣ ቤቱን ሳታዪ ወይም ውል ሳትፈራረሚ ገንዘብ በሐዋላ እንድትልኪ የሚጠይቅ ሰው አከራይ አይደለም። ደሴ ላይ ቤቱን ሳያይ ቀብድ የሚከፍል ሰው የለም፤ ባሕር ማዶ ሲሆን ግን አስተዋይ የሚባለው ሁሉ ቸኩሎ ይልካል። እውነተኛው አከራይ ዋስ ይጠይቅሻል፤ በፈረንሳይ ዋስ የሚሆንሽ ሰው ከሌለ፣ ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 30 ዓመት ለሆኑ ወጣቶች ያለ ክፍያ ዋስ የሚሆን ቪዛል የተባለ አገልግሎት አለ፤ ማመልከቻውም በኢንተርኔት ስለሚሞላ ውሉን ከመፈረምሽ በፊት ማግኘት ትችያለሽ። የቤት ዕቃ ላለው ቤት የሚጠየቀው መያዣ ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም። ተከራይ የቤት መድን የመግባት ግዴታ ስላለበትም፣ ቁልፍ ከመረከብሽ በፊት የመድኑን ማረጋገጫ አሳዪ ትባያለሽ።

ቁልፉን ስትረከቢ ከአከራዩ ጋር ክፍል በክፍል እየዞራችሁ የርክክብ ሰነድ ትሞላላችሁ። እዚህ ላይ አትሽኮርመሚ። የግድግዳው ጭረት፣ የፍራሹ ነጠብጣብ፣ የማይዘጋው የቁም ሳጥን በር፣ የሚያንጠባጥበው ቧንቧ ሁሉ ይጻፍ፤ ፎቶም አንሺ። በማግስቱ ያላየሽውን ጉድለት ብታገኚ በ10 ቀን ውስጥ በጽሑፍ አሳውቀሽ ሰነዱ እንዲስተካከል የመጠየቅ መብት አለሽ። ስትለቂ መያዣሽ የሚመለሰው በዚያ ወረቀት መሠረት ነው፤ ያልተጻፈው ጭረት ሁሉ አንቺ ያደረስሽው ተብሎ ይቆጠራል።

አሁን ገና አገር ቤት ሳለሽ ወደሚሠራው እንመለስ፤ ከገንዘብ በላይ ልጆቻችንን የሚያጉላላው ይኸኛው ነውና። ፈረንሳዮች የቤተሰብ ስምና የግል ስም ብለው ለሁለት ይከፍላሉ፤ እኛ ደግሞ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም አለን። በፓስፖርትሽ ላይ የትኛው ስም በየትኛው መስመር እንደተጻፈ ተመልክተሽ፣ በትምህርት ቤቱም በባንኩም በጤና መድኑም ቅጽ ላይ ፊደል ሳትለውጪ ያንኑ ድገሚ። አንዱ ቢሮ በአባትሽ፣ ሌላው በአያትሽ ስም ከመዘገበሽ ኮምፒውተሩ ሁለት ሰው ያደርግሻል። የልደት ቀንም እንዲሁ ነው። ጥር 5 ቀን 1994 ዓ.ም. የተወለደ ሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ጃንዋሪ 13 ቀን 2002 ይሆናል፤ አንዱ ተርጓሚ በአንድ ቀን ቢስት ወይም የኢትዮጵያን ዓመት ሳይለውጥ ቢያልፈው፣ የጤና መድን ማመልከቻሽ ለወራት ሊንጠለጠል ይችላል። የልደት ምስክር ወረቀትሽን ካወጣሽ በኋላ ትርጉሙን ከፓስፖርቱ ጋር በመስመር እያስተያየሽ አንብቢ፤ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አረጋግጠሽ ዋናውን በእጅ ሻንጣ ያዢ፤ ቅጂውንም በኢሜይልሽ አስቀምጪ። ወደ ፈረንሳይኛ መተርጎም ካስፈለገ ፈረንሳይ ውስጥ ፍርድ ቤት ያስመዘገባቸው ቃለ መሐላ የፈጸሙ ተርጓሚዎች አሉ።

የጉዞው ነገር ቀላል ነው። ከሻርል ደ ጎል አየር ማረፊያ ፓሪስ ሳትገቢ በቀጥታ ወደ ሊል የሚሄድ ፈጣን ባቡር አለ፤ ጉዞው አንድ ሰዓት ያህል ነው። ጣቢያው ሁለተኛው ተርሚናል ሥር ነው፤ በሌላ ተርሚናል ብትወርጂም በተርሚናሎቹ መካከል ያለ ክፍያ የሚያመላልስ ባቡር አለ። ከሊል ወደ ሩቤ ደግሞ በሜትሮው ሁለተኛ መስመር ትደርሻለሽ። በረራ ሊዘገይ፣ ሻንጣም ሊቆይ ስለሚችል የባቡሩን ትኬት ከማረፊያ ሰዓትሽ ጋር አጣብቀሽ አትቁረጪ። ሩቤ በሱፍ ፋብሪካዎቿ ስሟ የገነነ ከተማ ስለነበረች፣ ከኮምቦልቻ ለሄደች የጨርቃ ጨርቅ መሐንዲስ የሚታይ ነገር አታጣም፤ ግን እሱ ከወረቀቱ በኋላ ይሁን።

እዚያ ከደረስሽ በኋላ ማረጋገጫውን ይዘሽ በመጀመሪያው ሳምንት ባንክ ሂጂ። ባንኩ ሒሳብ ሲከፍትልሽ ሪብ የሚባል የሒሳብ መለያ ወረቀት ይሰጥሻል፤ በየቢሮው የምትጠየቂው እሱን ነው። አንድ ባንክ አልከፍትም ካለሽ እምቢታውን በጽሑፍ ተቀበዪና ለፈረንሳይ ብሔራዊ ባንክ አመልክቺ፤ ሕጉ ሒሳብ የሚከፍትልሽ ባንክ እንዲመድብልሽ ያዝዛል። ቪዛሽን በኢንተርኔት ማጽደቅ ያለብሽ ከገባሽበት ቀን ጀምሮ በሦስት ወር ውስጥ ነው። ሦስት ወር ረጅም ስለሚመስል ብዙዎች ያሳድሩታል፤ ያላጸደቀ ሰው ግን ጊዜው ካለፈ በኋላ ያለ ሕጋዊ ፈቃድ እንደተቀመጠ ይቆጠራል፤ ለገና አገር ቤት ደርሼ ልምጣ ቢል መመለሻ ያጣል። ስለዚህ አድራሻሽን ባወቅሽበት ሳምንት ጨርሺው። የመኖሪያ ፈቃድሽን ለማሳደስ የምታመለክቺውም ጊዜው ከማለቁ ከአራት እስከ ሁለት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ስለሆነ ቀኑን ከወዲሁ መዝግቢው።

ለትምህርት ቤት ምዝገባ ሴቬክ የሚባለውን ዓመታዊ የተማሪዎች መዋጮ መክፈል ይኖርብሻል፤ እ.ኤ.አ. ለ2025/26 የትምህርት ዘመን 105 ዩሮ ነበር። ተመዝግበሽ የተማሪነት ማስረጃ ስታገኚ፣ አሜሊ በተባለው የጤና መድን ድረ ገጽ ለውጭ ተማሪዎች በተዘጋጀው ክፍል ተመዝገቢ፤ ምዝገባው ነጻ ነው። ካፍ የሚባለው መሥሪያ ቤት የሚሰጠውን የኪራይ ድጎማ በተመለከተ ግን፣ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጡ ተማሪዎችን የሚነካው ደንብ የሚለዋወጥ ስለሆነ፣ የተፈቀደልሽን መጠን የሚገልጽ ደብዳቤ እጅሽ ሳይገባ በጀትሽ ውስጥ አታስገቢው።

ጥያቄ

ልጄ ለቋንቋ ዝግጅት ቀደም ብሎ ወደ ሊዮን ከሄደ አንድ ወር ሊሞላው ነው። ስንደውል «ደህና ነኝ» ይላል፤ ድምፁ ግን ደህና አይመስለኝም። በርበሬ፣ ቅቤና ቋንጣ በሰው እጅ ልልክለት ስል ይወረሳል አሉኝ። ቢታመምስ ማን ያየዋል? የሰዓቱም ነገር ግራ ገብቶኛል፤ አንዳንዴ ስደውል ክፍል ውስጥ ነኝ ይለኛል።
እናት፣ ከደሴ

መልስ

እናታችን፣ የነገሩዎት ሰዎች ቅቤውንና ቋንጣውን በተመለከተ እውነት አላቸው። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጣ መንገደኛ ሥጋና የወተት ውጤት ይዞ እንዳይገባ ደንቡ ስለሚከለክል፣ ቢገኝ ይወረሳል፤ የያዘውም ሰው ሊቀጣ ይችላል። የተፈጨ በርበሬና ሽሮ በልኩ፣ በደንብ ታሽጎ ቢሄድ ይሻላል። የሚልኩበት ሰው ጫት እንዳይጨምርበት ደግሞ አደራ ይበሉ፤ ወሎ ውስጥ ከሰዓት በኋላ የሚቀመጥበት ነገር ፈረንሳይ ውስጥ በአደንዛዥ ዕፅነት የተመዘገበ ነው፤ ዕቃው የሰው ነው ማለትም አያድንም።

ምስርና ሽንኩርት በየሱቁ አለ፤ የጤፍ ዱቄት እንኳ የተፈጥሮ ምግብ በሚሸጡ አንዳንድ መደብሮች ይገኛል፤ ዋጋው ግን እንጀራ ለማያቋርጥ ቤት የሚሆን አይደለም። ዋናው ነገር ልጅዎ በተማሪዎች ምግብ ቤት መብላት መጀመሩ ነው። እዚያ አንድ ሙሉ ምሳ፣ መግቢያውን፣ ዋናውንና ጣፋጩን ጨምሮ፣ በ3 ዩሮ ከ30 ሳንቲም ወይም ከዚያ ባነሰ ዋጋ ይገኛል። ሥጋ የሌለበት ምግብ ስለማይጠፋ ሐላል ያልሆነ ሥጋ የማይበላ ተማሪ አይቸገርም፤ ሊዮንን በመሰለ ትልቅ ከተማ የሐላል ሥጋ ቤቶችም ብዙ ናቸው።

ስለ ሕመሙ አይስጉ። የጤና መድን ካርዱ ከመድረሱ በፊትም ሐኪም ዘንድ መሄድ ይችላል፤ ጠቅላላ ሐኪም ከ2024 መጨረሻ አንሥቶ የሚያስከፍለው 30 ዩሮ ሲሆን፣ የሐኪሙን የክፍያ ቅጽ ካስቀመጠ መድኑ ሲጸድቅለት አብዛኛው ይመለስለታል። በዩኒቨርሲቲው ውስጥ ያለው የተማሪዎች ጤና አገልግሎት ደግሞ ያለ ክፍያ ያየዋል፤ የሥነ ልቡና ባለሙያም በዚያው በኩል ማግኘት ይቻላል። ለድንገተኛ ሕመም በ15፣ ለማንኛውም አደጋ ደግሞ በ112 ይደወላል። እነዚህን ቁጥሮች በስልኩ እንዲመዘግብ ይንገሩት፤ ከዚያም በላይ ወረቀት ላይ ጽፎ በር ላይ ቢለጥፍ እንመርጣለን፤ በሽተኛ ስልክ መፈለግ ያቅተዋልና።

ሰዓቱ እንዲህ ነው። እስከ ኦክቶበር የመጨረሻው እሑድ ድረስ እነሱ ከእኛ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ናቸው፤ ከዚያ በኋላ እስከ ማርች የመጨረሻው እሑድ ልዩነቱ ሁለት ሰዓት ይሆናል። እዚያ የሚቆጠረው ደግሞ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ እስከ 24 ስለሆነ፣ ልጅዎ «20 ሰዓት ላይ ደውዪ» ካለዎት በእርስዎ ሰዓት አሁን ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው፤ ከጥቅምት ወር አጋማሽ በኋላ ግን ከምሽቱ 4 ሰዓት ይሆናል።

ድምፁን በተመለከተ የእናት ጆሮ ብዙ ጊዜ አይሳሳትም። በፈረንሳይ ዩኒቨርሲቲዎች ብዙዎቹ ተማሪዎች ዓርብ ከሰዓት ሻንጣቸውን ይዘው ወደ ወላጆቻቸው ቤት ይሄዳሉ። ከዓርብ ማታ እስከ እሑድ ማታ መኖሪያው ጸጥ ይላል፤ እሑድ ሱቁም በአብዛኛው ዝግ ነው። ጎረቤት ሳይጠራ ቡና በማይጠጣበት አገር ላደገ ልጅ ከትምህርቱም ከብርዱም ይልቅ የሚከብደው ይህ ሁለት ቀን ነው። ስለዚህ የሚደውሉለት ቅዳሜና እሑድ ይሁን። «ደህና ነህ ወይ» ካሉት «ደህና ነኝ» ብሎ ይዘጋዋል፤ ይልቅስ ምሳ ከማን ጋር እንደበላ፣ እሑድ የት እንደሚውል ይጠይቁት። ለሦስት ጥያቄ አንድም የሰው ስም ካልጠራ፣ ያን ጊዜ የዩኒቨርሲቲውን ጤና አገልግሎት እንዲያነጋግር አጥብቀው ይምከሩት። ዘመድ ሁሉ በየማታው እየደወለ «መቼ ትመጣለህ» እንዲለው ግን አያድርጉ፤ እንዲህ ያለው ስልክ ናፍቆቱን ያባብሰዋል እንጂ አያቀለውም።

ጥያቄ

አምና ቱሉዝ በሚገኝ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ትምህርቴን ጀምሬ ነበር፤ ለክረምት ደሴ መጥቻለሁ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አስተማሪው የሚለው ግማሹ አይገባኝም ነበር፤ የመጀመሪያ ፈተናዬን 11 ከ20 ሳገኝ ወደቅሁ ብዬ ለአባቴ ሳልነግር ቆየሁ። ዘንድሮ ታናሽ እኅቴ ወደዚያው ዩኒቨርሲቲ ትሄዳለች። እኔ የተደናገርኩበት እንዳይደገምባት ምን ልንገራት?
ወንድም፣ ከደሴ

መልስ

ወንድማችን፣ በፈረንሳይ ማለፊያው 10 ከ20 ነውና 11 ማለፊያ ነው። 12 ደህና የሚባል፣ 14 ጥሩ፣ 16 እጅግ ጥሩ ተብሎ በማዕረግ የሚመዘገብ ውጤት ነው፤ 20 ለመስጠት እጁ የሚፈታ አስተማሪ ግን ብዙ አይገኝም። እኛ ዘንድ ከመቶ 55 ያገኘ ልጅ አንገቱን ስለሚደፋ፣ ቤተሰብም ይህንን አስቀድሞ ቢያውቅ መልካም ነው። እኅትህ ከመሄዷ በፊት ለአባትህ አንተው አስረዳቸው።

ሁለተኛው መደናገሪያ የትምህርቱ አከፋፈል ነው። በትልቁ አዳራሽ ለመቶዎች የሚሰጠው ትምህርት አንድ ነገር ነው፤ አስተማሪው ይናገራል፣ ተማሪው ይጽፋል፣ ጥያቄ የሚጠይቅ ጥቂት ነው፣ መቅረትንም ብዙ ጊዜ የሚቆጥር የለም። ቴ.ዴ. የሚሉት የትንሽ ቡድን ትምህርት ግን በአብዛኛው የመገኘት ግዴታ ያለበት ነው፤ ያለ በቂ ምክንያት የቀረ ተማሪ ውጤቱ ሊበላሽበት ይችላል። አዲስ የገባ ተማሪ አዳራሹ አስፈርቶት ሁለቱንም ይሸሻል፤ እኅትህ አዳራሹ ባይገባት እንኳ ቴ.ዴ.ውን አንድ ቀን መቅረት የለባትም። ስሟን የሚያውቅ አስተማሪና አጠገቧ የሚቀመጥ ተማሪ የምታገኘው እዚያ ነው።

ስለ ቋንቋው የምንመክረው ይህን ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ከጎኗ የተቀመጠችውን ተማሪ ማስታወሻ እንድታበድራት ትጠይቃት፤ ፈረንሳዮች የማያውቁትን ሰው ራሳቸው ቀርበው አያናግሩም፤ ሰላምታ ሰጥቶ ለጠየቃቸው ግን እምብዛም አይከለክሉም። እኛ ዝምታን ጨዋነት አድርገን ስላደግን ሲያዩን የማንፈልጋቸው ይመስላቸዋል። ያላት ጊዜ ጥቂት ሳምንት ከሆነ ደግሞ ሰዓት፣ ቀን፣ ቁጥርና የስሟን ፊደላት በፈረንሳይኛ መጥራት ትለማመድ፤ ሰባ፣ ሰማንያና ዘጠና ሲደርሱ አቆጣጠራቸው ይወላገዳል፤ የስልክ ቁጥርም ሆነ የክፍል ቁጥር የሚነገረው በዚያው አቆጣጠር በፍጥነት ነው። የመማሪያ ፈረንሳይኛው በክፍል ውስጥ እያደር ይገባል። ወደ አዲስ አበባ ቀደም ብላ የምትወርድ ከሆነ በአሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝ አጭር ትምህርት ብትወስድ አይከፋም።

ጥያቄ

ወንድሜ በሚቀጥለው ወር ይሄዳል። እየሠራ ራሱን ችሎ ለቤትም ሊልክ ይችላል ወይ?
ከኮምቦልቻ

መልስ

ለቤት ይልካል ብላችሁ አትጠብቁ። የውጭ ተማሪ በዓመት እስከ 964 ሰዓት፣ ማለትም ከሙሉ የሥራ ሰዓት 60 በመቶውን፣ ያለ ተጨማሪ ፈቃድ መሥራት ይችላል፤ ነገር ግን ቋንቋው ሳይፈታ፣ የትምህርት ፕሮግራሙ ሳይታወቅና የባንክ ሒሳብ ሳይከፈት በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚገኝ ሥራ ጥቂት ነው። ለቪዛ ሲባል በወር 615 ዩሮ እንዳለው ማሳየት የሚጠየቅ መሆኑን ታውቃላችሁ፤ ይህ ዝቅተኛው መጠን እንጂ ኑሮው የሚጠይቀው ልክ አይደለም፤ በተለይ ፓሪስ ውስጥ ለኪራይ ብቻ ሊያልቅ ይችላል። ስለዚህ ቢያንስ የመጀመሪያውን መንፈቅ ያለ ሥራ የሚያቆየው ገንዘብ ይዞ ይሂድ። ያለ ውል፣ በእጅ የሚከፈል ሥራ ሲያቀርቡለት እንዳይቀበል ንገሩት፤ ቢጎዳ መድን የለውም፤ ሳይከፍሉት ቢቀሩም ምን ይዞ ይከሳል? በውል ሲሠራ የሚሰጠውን የደመወዝ ወረቀት ደግሞ ሳይጥል ያስቀምጥ፤ የመኖሪያ ፈቃዱን በሚያሳድስበት ጊዜ ከተፈቀደለት ሰዓት አለማለፉን የሚያሳይበት እሱ ነው።